ብቻውን ለሚሠራ ሰው ረዳቱ ማን ነው?

(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)



«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» የሚል የቆየ ተረት አለን። ብዙ ጊዜ ለሣቅ ይነገራል፤ ነገር ግን ቁም ነገሩ ከሣቁ ይበልጣል። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ቀዳሚ እንደሌለው ሁሉ መዘግየቱንም የሚነግረው የለም። መንገድ ቢስት የሚጠራው፤ ቢወድቅ የሚያነሣው አያገኝም። የዛሬው ንግግራችን በየከተማው ብቻቸውን ስለሚሮጡ ሰዎች ነው፤ ይኸውም ያለ ሸሪክና ያለ ቅጥረኛ ሱቅ ከፍተው፤ የስፌት መኪና ተክለው፤ ጫማ አድሰው ወይም እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ቤተ ሰባቸውን ስለሚያስተዳድሩ ሰዎች ነው።

አንባቢ ሆይ፤ «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ይህ ጉዳይ የሚመለከተው ነጋዴውን ነው» ይሉ ይሆናል። እኔም እንደዚሁ እል ነበር። ይሁን እንጂ በደመወዝ ከምንተዳደረው መካከል እንዲህ ያለ ሥራ የምትሠራ እናት፤ አክስት፤ እኅት ወይም ባለቤት የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ጉዳዩ እኛንም የሚመለከት መሆኑን የተማርሁት በራሴ ላይ ከደረሰው ነገር ስለ ሆነ፤ አስቀድሜ እርሱን ላጫውትዎ።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ብቻቸውን ሲሠሩ ኖረዋል። የሚለኩት እሳቸው፤ የሚቆርጡት እሳቸው፤ የሚሰፉት እሳቸው፤ ክርና ገበር ለመግዛት መርካቶ የሚወርዱትም እሳቸው ነበሩ። እኔ በበዓል ቀን እቤታቸው ሄጄ ዶሮ ወጣቸውን እየበላሁ «ሥራ እንዴት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እሳቸውም «ተመስገን» ይላሉ። ስለ ሥራቸው የምንነጋገረው ይኸው ብቻ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አክስቴ ሁለተኛ የስፌት መኪና ለመግዛት ከአንድ የብድር ተቋም ገንዘብ ሊበደሩ መሆናቸውን ነግረውኝ፤ የደመወዝ ዋስ እንድሆንላቸው ጠየቁኝ። እኔም ከመሥሪያ ቤቴ ደመወዜን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፌ በተባለው ስፍራ ላይ ፈረምሁ። በየወሩ ምን ያህል እንደሚከፍሉ፤ ከሥራቸው ምን ያህል እንደሚተርፋቸው፤ ሌላ ዕዳም ያለባቸው እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። መጠየቅ አለማመን መስሎኝ ነበር።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ከብድር ተቋሙ ለመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ተጻፈ። ተበዳሪዋ የሁለት ወር ክፍያ ያላስገቡ ስለ ሆነ ገንዘቡ ከዋሱ ደመወዝ ተቆርጦ ገቢ ይደረግ የሚል ነበር። የሒሳብ ሹሙ ደብዳቤውን በባልደረቦቼ ፊት ሲሰጠኝ የተሰማኝን ኀፍረት ዛሬም አልረሳውም። በንዴት ተነሥቼ ወደ አክስቴ ሱቅ ሄድሁ፤ በሩ ተዘግቷል። ወደ ቤታቸው ብሄድ በታይፎይድ ታመው ከተኙ ስድስተኛ ሳምንታቸው ኖሯል። «ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው «ልጄ፤ አንተን ላለማስቸገር ብዬ ነዋ» አሉኝ።

ቁልፉን ተቀብዬ ሱቁን ከፈትሁ። ተቆርጠው ያልተሰፉ፤ ተሰፍተው ያልተተኰሱ ዐሥራ አራት ልብሶች ተሰቅለዋል። የየትኛው ደንበኛ እንደ ሆኑ የሚገልጽ ጽሑፍ የለባቸውም። በስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ አንድ ያረጀ የተማሪ ደብተር አገኘሁ፤ በውስጡ ያለው ግን ከአክስቴ በቀር ማንም የማያነበው ምልክትና ቍጥር ብቻ ነበር። ወዲያውም ደንበኞች ይመጡ ጀመር። ቀብድ ከፍለው ከሄዱት ሰዎች መካከል የአንዲት ሙሽራ ሚዜዎች ይገኙ ነበር፤ ልብሳቸው ሳይሰፋ ሠርጉ አልፏል። ከቀብዱ መመለስ በኋላም የሙሽራዪቱ እናት የተናገሩት ቃል ከዕዳው ይልቅ አክስቴን አሳመማቸው።

በዚያን ዕለት ሕመሙ አክስቴን ይህን ያህል የጎዳበትን ምክንያት ተረዳሁ። የዐሥራ አንድ ዓመት ሥራ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ተቈልፎ ይኖር ነበርና፤ ያ ራስ ትራስ ላይ በወደቀ ጊዜ ሥራው ሁሉ አብሮ ወደቀ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደ ተባለ፤ አክስቴ በሽታቸውንም ዕዳቸውንም ደበቁ። እኔ ደግሞ ለማወቅ የማልፈልግ ሆኜ መደበቁን አገዝኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ስመረምር፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ሦስት ዓይነት ረዳት እንደሚያስፈልገው ተገነዘብሁ። አንደኛው የገንዘብ፤ ሁለተኛው የእጅ፤ ሦስተኛው የዐይን ረዳት ነው። ብዙ ሰው የሚፈልገው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ስለ ሦስቱም በየተራ እንመልከት።

ስለ ገንዘብ ረዳት፤

በአገራችን የታወቀው የገንዘብ ረዳት ዕቁብ ነው። አሠራሩን ሁላችንም የምናውቀው ቢሆንም፤ ሒሳቡን ልብ ብሎ ያየ ጥቂት ነው። ሃያ ሰዎች በሳምንት 1,000 ብር እየጣሉ ዕቁብ ቢጠጡ፤ በየሳምንቱ ዕጣ የወጣለት 20,000 ብር ይወስዳል፤ ዕቁቡም በሃያ ሳምንት ያልቃል። ዕጣው በመጀመሪያ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ብድር ያገኘ ነው፤ በመጨረሻ የደረሰው ደግሞ ገንዘቡን ሲያጠራቅም የቆየ ነው። ስለዚህ አንዱ ዕቁብ ለአንዱ ብድር፤ ለሌላው ቁጠባ ይሆናል። ወረቀትና ማኅተም ሳይበዛ በዳኛው፤ በጸሐፊውና በዋሶቹ መተማመን የሚሠራ ትልቅ ጥበብ ነው።

ነገር ግን በአምስተኛው ሳምንት 20,000 ብሩን የወሰደ ሰው ገና የዐሥራ አምስት ሳምንት፤ ማለት 15,000 ብር ግዴታ እንዳለበት መርሳት አይገባውም። ሱቁ ቢዘጋም ዕቁቡ አይዘጋም። ብቻውን የሚሠራ ሰው በዕቁቡ ገንዘብ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት «አንድ ወር ብታመም ይህን ማን ይጥልልኛል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ችግር በመጣ ጊዜም ሳይውል ሳያድር ለዳኛው ይንገር። አስቀድሞ የተናገረን ሰው ዕቁብተኛው ሊታገሠው፤ ዕጣ ያልደረሰው እንደ ሆነም ከሌላው ጋር ሊያለዋውጠው ይችላል። ተሸሽጎ የቀረውን ግን ዋሱ ነው የሚፈልገው።

ዕድርም ትልቅ ረዳት ነው፤ ሆኖም ልኩን ማወቅ ያሻል። አንዳንድ ዕድሮች በሕመም ጊዜ ቢረዱም፤ የዕድር ዋና ሥራው ሐዘን ነው። የዕድር ጡሩንባ የሚነፋው ለቀብር ነው እንጂ፤ ለተዘጋ ሱቅ ጡሩንባ የሚነፋ የለም።

ከእነዚህ ሌላ በሕግ የተቋቋሙ የብድር ተቋሞች አሉ። አነስተኛ የብድር ተቋሞች በሕግ መሠረት ያገኙት በ1988 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 40 ነው። ከእነዚህ ተቋሞች አድገው ወደ ባንክነት የተለወጡም ይገኛሉ፤ ጸደይ ባንክና ስንቄ ባንክ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ቤትና ንብረት ለመያዣ የሌለው ሰው ከእንዲህ ያሉ ተቋሞች ብዙውን ጊዜ የሚበደረው፤ ከጓደኞቹ ጋር ቡድን ሠርቶ አንዱ ለሌላው ዋስ በመሆን፤ ወይም ደመወዝተኛ ዋስ በማቅረብ ነው። በቡድን የመበደሩ ዘዴ በዓለም የታወቀው በባንግላዴሽ በዶክተር ሙሐመድ ዩኑስ በተቋቋመው ግራሚን ባንክ ነው። ዶክተር ዩኑስና ባንኩ በ2006 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል። የዘዴው ምሥጢር በእኛም አገር ያልታወቀ አይደለም፤ ብቻውን የማይታመን ድኻ ከሌሎች ጋር ሲቆም ይታመናል።

ስለ እጅ ረዳት፤

ሁለተኛው ረዳት እጅ ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ቢታመም፤ ዘመድ ቢሞትበት ወይም ለግብር ጉዳይ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ቢይዝ ሱቁን የሚከፍትለት ማን ነው? ለዚህ የግድ ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልግም። ከሁሉ የቀረበው ረዳት በአጠገቡ ያለው ባለ ሱቅ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ቁልፍ ተለዋውጠው፤ አንዱ በሌለ ጊዜ ሌላው ደንበኛውን ተቀብሎ «ሐሙስ ይመለሳሉ» ብሎ ቢያሰናብት፤ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ደንበኛን ከመጥፋት ያድናል። በአንድ ሙያ ያሉ ሰዎችም ሥራ ሲበዛ መከፋፈል፤ ሲቸግርም መተካካት ይችላሉ። የአክስቴን ያልተሰፉ ልብሶች ሰፍተው የጨረሱት ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊ ነበሩ። አክስቴ እኒህን ሰው እንደ ተፎካካሪ እያዩ ለብዙ ዓመታት ከሰላምታ በቀር አያነጋግሯቸውም ነበር። እሳቸው ግን የሥራውን ዋጋ ለሁለት ተካፍለው ሲጨርሱ «ነገ በእኔም ይደርሳል» ብለው ዝም አሉ።

ሕጉም ቢሆን ብቻውን ለሚሠራ ሰው ሌላ ሰው እንደሚያስፈልገው ተረድቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሁለት ባነሱ ሰዎች እንዲቋቋም አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ብዙ ነጋዴ ቍጥሩን ለመሙላት ብቻ የሚስቱን ወይም የወንድሙን ስም ያስገባ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፤ አዋጅ ቍጥር 1243፤ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቀደ። ጥቅሙም በግሉ ስም ከሚነግድ ሰው ጋር ሲነጻጸር ይታያል። በግል ስሙ የሚነግድ ሰው ለንግዱ ዕዳ በግል ሀብቱ ጭምር ይጠየቃል፤ የማኅበሩ ዕዳ ግን በመሠረቱ ከማኅበሩ ሀብት አያልፍም። ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር ነው። ሕጉ ብቻውን እንዲሠራ የፈቀደለትን ይህን ሰው፤ ቢሞት ወይም ሥራውን ለመምራት ችሎታ ቢያጣ በእርሱ ስፍራ ሆኖ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ እንዲሰይም ያዘዋል። ማኅበር ለማቋቋም የማያስበው ባለ አንድ መኪና ልብስ ሰፊም ከዚህ ትምህርት ሊወስድ ይገባዋል፤ ተተኪውን ገና በጤናው ሳለ ይሰይም።

ስለ ዐይን ረዳት፤

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚረሳው ረዳት ዐይን ነው። ይህም በወር አንድ ጊዜ ተቀምጦ መዝገቡን አይቶ እውነቱን የሚናገር ሰው ማለት ነው። በመሥሪያ ቤታችን ያለውን ሥርዓት ያስታውሱ። አንዱ ያዘጋጃል፤ ሌላው ያረጋግጣል፤ ሦስተኛው ይፈርማል፤ በዓመቱ መጨረሻም ኦዲተር ይመጣል። አንዳንዴ ሥርዓቱ ቢያሰለቸንም ከብዙ ስሕተት ያድነናል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን አዘጋጁም፤ አረጋጋጩም፤ ፈራሚውም ራሱ ነው። ዋጋው ከዕቃው ወጪ በታች ቢሆን፤ የሱቁ ገንዘብ ከቤቱ አስቤዛ ጋር ቢቀላቀል፤ ዱቤው ቢበዛ የሚነግረው የለም።

የአክስቴን ሒሳብ ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብለን ስንመረምር ያገኘነው ይህንኑ ነው። ለአንድ ቀሚስ የሚያስከፍሉት ዋጋ ከሁለት ዓመት በፊት የተተመነ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ክሩም፤ ገበሩም፤ የቤት ኪራዩም ጨምሯል። አክስቴ ብዙ እየሰፉ ጥቂት ያገኙ የነበሩት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ መደመርና መቀነስ የሚያውቅ፤ ሥራው ያላደከመው ሌላ ሰው ብቻ ይበቃል።

የዐይን ረዳት ሲመረጥ ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፤ ምሥጢር የሚጠብቅ ይሁን። ሁለተኛ፤ ባለ ሱቁን የማይፈራና የማያቆላምጥ ይሁን። ሦስተኛ፤ ከንግዱ ገንዘብ የሚጠብቅ አይሁን። ቀን ይቆረጥለት፤ «ሲመቸን እንገናኝ» የተባለ ነገር ከቶ አይመችም።

የሚታየው መዝገብም ብዙ አይደለም። አንድ ደህና ደብተር ገዝቶ አምስት ነገር መጻፍ ይበቃል፤ ይኸውም ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት፤ ለማን ስንት እንደሚከፈል፤ ያልተጠናቀቀው ሥራ የማን እንደ ሆነና የተቀበሉት ቀብድ፤ ዕቁቡ፤ ኪራዩና ብድሩ የሚከፈሉበት ቀን፤ እንዲሁም ዕቃ የሚያመጡት ሰዎች ስልክ ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር የሚገባው ገንዘብ በስልኩ ላይ መዝገብ ስለሚተው ሥራውን ያቀልላል። ዋናው ግን ጽሑፉ ለሌላ ሰው የሚነበብ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ብቻ የሚያነበው መዝገብ ባለቤቱ በተኛ ቀን ከእርሱ ጋር ይተኛል።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ?

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ በየቀኑ የሚሠሩት ፋይል ማደራጀት፤ ደብዳቤ መጻፍ፤ ቍጥር ማመሳከር ነው። ይህ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ተራ ነገር የሚመስል ችሎታ፤ ብቻዋን ለምትሠራ እኅትዎ ከገንዘብ የሚበልጥ ስጦታ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ቢሰጧት ብዙ ያድኗታል። «ሥራ እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «ተመስገን» ነውና። «በዚህ ወር የምትከፍዪው ስንት ነው? የሚከፈልሽስ?» ብለው ይጠይቁ።

ዋስ ሁን ሲባሉም እምቢ ማለት የዘመድ ወግ አይደለም፤ ሳያዩ መፈረምም ርኅራኄ አይደለም። መዝገቡን አይተው፤ የወሩን ክፍያ አውቀው፤ «ባትከፍሉ እኔ እችለዋለሁን?» ብለው ራስዎን ጠይቀው ይፈርሙ። ከፈረሙም በኋላ አይራቁ፤ ፊርማው የመረዳቱ መጀመሪያ ነው። ደግሞም አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ዘመድን መርዳት ማለት በተቀመጡበት ወንበር ፈቃድ ማፋጠን ወይም ግብር ማስቀነስ አይደለም። እንዲህ ያለው ርዳታ ወንበሩንም ንግዱንም ያበላሻል። እርስዎ የሚሰጡት ዐይንዎንና ቅዳሜዎን ነው።

ብቻዎን የሚሠሩ እንደ ሆነ፤ ወይም ጡረታ ሲወጡ ትንሽ ንግድ ለመጀመር የሚያስቡ እንደ ሆነ ደግሞ፤ ርዳታ ሲጠይቁ ለይተው ይጠይቁ። «እርዱኝ» የሚለው ቃል ሰሚውን ያስፈራዋል፤ ምን ያህል እንደሚጠየቅ አያውቅምና። «ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሱቄን ክፈትልኝ»፤ «ይህን ሒሳብ አብረኸኝ እይልኝ» የተባለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ጊዜውም በደኅና ቀን ይሁን። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ እንዳይሆንብን፤ ረዳት የሚፈለገው ሱቁ ተከፍቶ፤ ጤና ሳለ፤ ዕዳውም ገና ቀላል ሳለ ነው።

የአክስቴ ነገር እንዲህ ሆነ። ወደ ብድር ተቋሙ አብረን ሄደን ሁኔታውን ስናስረዳ፤ ክፍያው በረዘመ ጊዜ እንዲከፈል ተስማሙ። ለሦስት ወር ከደመወዜ ተቆረጠ፤ የቀረውን አክስቴ ራሳቸው ከፍለው ጨረሱ። የቀሚሱ ዋጋ ተስተካከለ። የየልብሱ ባለቤት ስም በትንሽ ጨርቅ ላይ ተጽፎ በመርፌ ይያዛል። የሱቁ ሁለተኛ ቁልፍ ከማዶው ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው፤ የእሳቸውም ከአክስቴ ዘንድ። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እኔ ከዚያች ጠባብ ክፍል ገብቼ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ይገልጣሉ። ባለፈው ወር አንድ የድምር ስሕተት አገኘሁባቸው። እሳቸው ደግሞ ወዲያው የእኔን ድምር አይተው ሁለት አገኙብኝ።

«አንድ እጅ አያጨበጭብም» ይባላል። ሁለተኛው እጅ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ አልተጠየቀም እንጂ። አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት ያ ያልተጠየቀው እጅ የእርስዎ ይሆናልና፤ እስኪጠየቁ አይጠብቁ።